ሦስት ስክሪንና አንድ ወንበር

4.

ከላይ ሲያዩዋት ትነጣለች። ከታች ሲያዩዋት ትጠቁራለች። እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም፤ ፎቶ ናት።

1.

ከአራት የጀመርኩት መቁጠር ጠፍቶኝ አይደለም። ከአንድ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፣ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። አራተኛው ላይ ያለው ነገር አላስቀምጥ ስላለኝ እሱን አስቀድሜ ተገላገልኩ። አሁን ወደ ሪፖርቱ።

ለ፦ አቶ ውብሸት፣ የፎቶ ቤቱ ባለቤት
ከ፦ ስንቅነሽ፣ ፎቶ አስተካካይ
ቦታ፦ ደሴ፣ ፒያሳ፣ ደረጃው ሥር ያለችው ክፍል
ጉዳዩ፦ ከሦስቱ ስክሪኖች የትኛው ቢሆን እንደሚሻል

ጋሼ፣ ያዘዙኝ አንድ ገጽ ነበር። "ሁለቱን ከሱቅ ለሙከራ ነው ያመጣኋቸው። ከአሮጌው ጋር አወዳድሪና እስከ ዓርብ የሚሻለውን ጻፊልኝ። ነገር አታብዢ" ነው ያሉኝ። ነገር እንደማበዛ እያወቁ ያዘዙኝ እርስዎ ነዎት።

2. የሚወዳደሩት

ሀ. አሮጌው። ዓይነቱ ቲኤን ይባላል። አሥራ አንድ ዓመት ስሠራበት ስሙን አላውቅም ነበር፤ የነገረኝ የሱቁ ባለሙያ ነው። ፊት ለፊት፣ ቀጥ ብለው ካዩት ምንም አይልም።

ለ. ቪኤ የሚባለው። ጥቁሩ ጥቁር ነው። ባለሙያው "ጨለማውን ብቻ እዪው" ብሎኛል።

ሐ. አይፒኤስ የሚባለው። ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይ፣ ከታች ያው ነው ይባልለታል። ይህን መስመር ስጽፍ ሰኞ ነበር፤ ይባልለታል ያልኩት ገና ስላላየሁ ነው።

3. የአሞካከር ዘዴ

አንዱን ፎቶ በሦስቱም ላይ ክፈቺ።
ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ። እዪ።
ወደ ግራ ሂጂ። እዪ።
ወደ ቀኝ ሂጂ። እዪ።
ተነሺ።

እዪ።

(እዚህ ድረስ ሪፖርቱ ሥርዓት ነበረው።)

5.

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጋሽ አበጋዝ መጡ። የባለቤታቸው አርባ ደርሷል። ይዘው የመጡት ያው ሁሉም ሰው የሚያመጣውን ነው፤ ከቀበሌ መታወቂያ ላይ የተላጠ ጉርድ ፎቶ፣ የማኅተሙ ግማሽ ጉንጯ ላይ ያረፈ። ማኅተሙን ማጥፋት፣ ትከሻዋ ላይ ነጠላ ማልበስ፣ ማጉላት፣ ከለሯን ማስተካከል። የእኔ ሥራ ይኸው ነው።

ልክ ሲገቡ "ኖር" ብዬ ተነሳሁ።

"በእግዜር፣ በእግዜር። ተቀመጪ የኔ ልጅ።"

አልቀመጥም። ሐዘንተኛ ሽማግሌ ቆሞ እኔ አልቀመጥም። ወንበሩ ደግሞ አንድ ነው፤ ሁለተኛ ያስገቡ ስልዎ "ክፍሉ አይበቃም" ያሉኝን አልረሳሁም፣ ጋሼ። ስለዚህ ሐዘንተኛው ወንበሬ ላይ ይቀመጣል፣ እኔ ከትከሻው በላይ ጎንበስ ብዬ ማውሱን እይዛለሁ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት። ለመንጃ ፈቃድና ለሠርግ የመጣ ሰው ቆሞ ያያል። ሐዘንተኛ ይቀመጣል። ይህን ማንም አላዘዘኝም፤ ማንም እንዲያዘኝም አልጠበቅሁም።

ወንበሩን ያውቁታል። ከፍ ማድረጊያው ከሞተ ቆይቷል፤ ሲቀመጡበት እየተነፈሰ ይወርድና አገጭዎ ጠረጴዛው ጋ ሊደርስ ምንም አይቀረውም። እኔ ስሠራ ሁለት ትራስ አነባብራለሁ። እንግዳ ሲመጣ ግን ትራሶቹን ቶሎ አንስቼ ከበሩ ኋላ እደብቃለሁ፤ አንዱ ተቀዶ ጥጡ ወጥቷል፣ አፍርበታለሁ።

አሁን ልብ ይበሉ። እሳቸው ታች ናቸው። እኔ ላይ ነኝ። ስክሪኑ አንድ ነው፤ አሮጌው።

6. የተባለው፣ እንዳለ

ጋሽ አበጋዝ፦ ጠቆረችብኝ።

እኔ፦ ኧረ ነጥታለች፣ ጋሽ አበጋዝ።

ጋሽ አበጋዝ፦ አርባ ሦስት ዓመት አብሬያት ኖሬያለሁ እኮ።

እኔ፦ እሺ፣ ይኸው ቀላ አደረግኋት።

ጋሽ አበጋዝ፦ አሁንም ጠቁራለች።

እኔ፦ ከዚህ በላይ ካቀላኋት ልትጠፋ ነው።

ጋሽ አበጋዝ፦ አቦ፣ አንቺ ልጅ! ዓይን የለሽም እንዴ?

ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል። ከሐዘንተኛ ጋር አልከራከርም፤ እሺ ብዬ ያለኝን አደርጋለሁ። የዚያን ቀን ግን ማውሱ ከእጄ አምልጦ ወደቀ። ላነሳው ቁጢጥ አልኩና ቀና ስል ዓይኔ ከጋሽ አበጋዝ ዓይን እኩል ሆነ።

ሴትየዋ ጠቁራለች።

ተነሳሁ። ነጣች። ቁጢጥ አልኩ። ጠቆረች። ተነሳሁ።

"ምን ሆንሽ? ወገብሽን ነው?" አሉኝ።

"ቆይ፣ ቆይ" ብዬ ያንኑ ፎቶ ሐ ላይ ከፈትኩት። ቆሜ አየሁ። ተቀምጬ አየሁ። በሩ ጋ ሄጄ ከጎን አየሁ። ያው ናት። ከዚያ እሳቸው ተቀምጠው፣ እኔ ቆሜ፣ ሁለታችን ባንድ ጊዜ "ነጥታለች" አልን። ስመልሳት፣ ስመልሳት፣ አንድ ቦታ ላይ እጃቸውን አነሱ።

"ተይ። አትንኪያት። እሷ ናት" አሉና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ያዙ።

እኔም አለቀስኩ። ለእሳቸው ግን አልነበረም።

7. ሌላ ሰው ካነበበው

ይህ ወረቀት ከጋሽ ውብሸት ሌላ ሰው እጅ ከገባ፦ እቤትህ ያለውን አሮጌ ላፕቶፕ ክፈት። የምትወደውን ሰው ፎቶ አውጣ። ተቀመጥና እየው። አሁን ደግሞ ተነስተህ ቁምና እየው። ልዩነት ካላየህ ዕቃህ ጥሩ ነው፣ ወደ ሥራህ ተመለስ። ልዩነት ካየህ ግን ንገረኝ፤ ከሁለቱ የትኛውን ነበር የምትወደው?

8. ደንበኞች ከለር የሚናገሩበት

ቀይ።
ቀይ ዳማ።
ጠይም።
ጠይም ሆኖ ፈካ ያለ።
"ጥቁር ነበረ፣ ግን ጥቁር አታድርጊው።"
"እንደ እሷ አድርጊያት።" (እሷን አላውቃት።)
"እንደኔ።" ይህኛው ክንዱን ይገልጥና ስክሪኑ ላይ ያስጠጋል። "ከእኔ ትንሽ ለቀቅ ያለ" ይላል፣ ወይ "ከእኔ ትንሽ ጠቆር።" ከሁሉ የምወደው ይህን ደንበኛ ነው፤ መለኪያውን ይዞ ይመጣል።

9. ስንት ሰው

ቆጥሬ አልጨረስኩም። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሐዘንተኛ ሁሉ ከታች አይቶ ጠቆረብኝ ብሏል፤ እኔም አቅልቻለሁ። በዚህ ከተማ ስንት ሳሎን ውስጥ ሟች ከነበረበት ቀልቶ ተሰቅሏል። ማንም መጥቶ አልከሰሰኝም። ፎቶ ቤት ያሳምራል ብለው ነው መሰለኝ። በሐዘን ቤት ደግሞ ፎቶ አይነቀፍም። "እንዴት አማረች" ይባላል፣ ያልፋል።

አንድ ሰው ብቻ ነው የነቀፈው።

10.

አራጋው።

11.

አራጋው ወንድሜ ነው። በስድስት ዓመት እበልጠዋለሁ። አሁን ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው። ኮምቦልቻ እዚህ ቁልቁል ነው፤ ሚኒባሱ ሞልቶ ከተነሳ ሰዓት አይፈጅም። ሦስት ዓመት ሙሉ አልተነጋገርንም።

ጋሼ፣ ይህን ክፍል ማንበብ ግዴታዎ አይደለም። ግን እርስዎም አሉበት።

እማዬ ያረፈች ጊዜ አራጋው ሞያሌ ነበር የሚሠራው። በስምንት ዓመት ውስጥ የመጣው ሁለት ጊዜ ነው፤ ለቀብሯ ሦስተኛው። ለአርባዋ ፎቶ እንዲደርስ ጉርዷን ይዤ ወደዚህ ስመጣ ተከተለኝ። ሥራዬን እንደ ሁልጊዜው ልጀምር ስል እርስዎ መጡና ትራሶቼን አነሱ። "ዛሬ ሠራተኛ አይደለሽም፣ ሐዘንተኛ ነሽ። እንደ ሰው ተቀመጪ" አሉኝ። በደግነት ነው፣ አውቃለሁ። የተቀደደውን ትራስ ማየት እርስዎንም ያሳፍርዎ ነበር።

ተቀመጥኩ። ወንበሩ ወረደ። አራጋው ከኋላዬ ቆመ።

እማዬ ጠቁራ ታየችኝ። አቀላኋት። አሁንም ጠቁራለች። አቀላኋት።

"እትዬ፣ ነጣች" አለ ከላይ።

"የታለች የነጣችው? ገና ናት።"

"እማዬ እንዲህ አልነበረችም እኮ። ፈረንጅ አስመሰልሻት።"

ከዚያ ያልኩትን እንዳለ እጽፈዋለሁ፣ አላሳምረውም፦

"አንተ የእማዬን መልክ ከየት ታውቀዋለህ? ስምንት ዓመት በስልክ ድምጿን ስትሰማ የከረምክ ሰው። ያገላበጥኳት እኔ። ያጠብኳት እኔ። ረስተሃታል፤ ረስቻታለሁ በልና ዝም በል።"

እርስዎም በሩ ጋ ነበሩ፤ ሰምተው ወጡ።

ፎቶው ታትሞ ሲመጣ ነጥቷል። አይቻለሁ፤ አላየሁም አልልም። ማተሚያ ቤቱ ነው ያበላሸው ብዬ ከሰውየው ጋር ተጣላሁ፣ ከዚያ ሰቀልኩት። ካወረድኩት አራጋው ልክ ሊሆን ነው። የአርባዋ ቀን ሴቶቹ ቀና ብለው አዩና አንዷ "እንዴት አማረች" አለች። አራጋው ገባ። አየው። ፍሬሙን ከግድግዳው አወረደና ፊቱን አዙሮ መሬት ላይ አቆመው። በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት። መልሼ ሰቀልኩት።

ከተዝካሯ ሳይቀምስ ሄደ። የእናቱን ተዝካር ሳይቀምስ።

12. የስልክ ንግግር፣ ረቡዕ ጠዋት

እሱ፦ ሄሎ። ማን ልበል?

(ከኋላው ብረት ይቀጠቀጣል።)

እኔ፦ አራጋው፣ እኔ ነኝ። ስንቅነሽ።

(ቅጥቀጣው ቆመ። የሚቀጠቅጠው እሱ ኖሯል።)

እሱ፦ ምን ተፈጠረ? ሰው ሞተ?

እኔ፦ ማንም አልሞተም። ስክሪን እያወዳደርኩ ነው።

እሱ፦ ምን?

እኔ፦ ያኔ ልክ ነበርክ። ነጥታ ነበር። እኔ ዝቅ ብዬ ተቀምጬ ነው፣ ስክሪኑ ከታች ሲያዩት ያጠቁራል። አንተም ከቆምክበት ሆነህ በደንብ አላየሃትም፣ ግን ነጣች ያልከው ልክ ነው።

እሱ፦

(ሪፖርት ውስጥ ዝምታ እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም። ቦታውን ለቅቄለታለሁ።)



እሱ፦ ሦስት ዓመት። እኔ ስነግርሽ አልሰማሽም፣ ዕቃ ሲነግርሽ ሰማሽ።

እኔ፦ አራጋው...

እሱ፦ ሥራ ላይ ነኝ፣ ስንቅነሽ።

ዘጋው።

ስንቅነሽ አለኝ። አፉን ከፈታ ጀምሮ "እትዬ" እንጂ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ስልኩን ይዤ ደረጃው ሥር ቆሜ ቀረሁ፤ እርስዎ "ሪፖርቱ ደረሰ?" ብለው ሲያልፉ "እየደረሰ ነው" ያልኩዎት ያኔ ነው።

13. ስለ ለ በአጭሩ፣ ሥራ እንዳልፈታሁ እንዲታወቅልኝ

ቪኤው የሐዘን ልብስ ላይ ወደር የለውም። ጥቁር ቀሚስ ሲያሳይ እጅዎን ቢሰዱ የሚያልፍ ይመስላል። ግን ፊት ለፊት ሲቀመጡ ጥቁር ፀጉርና ጥቁር ሻሽ ይዋዋጡበታል፤ ሻሹ የት እንዳለቀ አይታወቅም። ወደ ጎን ሲሄዱ ደግሞ ፊት ይደበዝዛል፣ የጠፋው የሻሹ ጠርዝ ብቅ ይላል። እንደ ሀ አይገለባበጥም፤ ግን ይለዋወጣል። እኔ የሚለዋወጥ ነገር በቅቶኛል።

ሐ እንከን የለውም ማለት አይደለም። ጥቁሩ ግራጫ ነው፣ ጥግ ጥጉ ላይም ብርሃን ያፈሳል። እችለዋለሁ።

14.

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እማዬን ሐ ላይ ከፈትኳት። ያስተካከልኩትን ሳይሆን፣ መጀመሪያ ከጉርዷ ላይ ስካን ያደረግኩትን፣ ያልተነካውን።

ከፊት።

ከጎን።

ከላይ።

ከታች።

ያው ናት። ስክሪኑ ያለውን ነው የሚያሳየኝ። ያለው ግን ሃያ ዓመት መታወቂያ ላይ ተለጥፎ የኖረ፣ ወደ ቀይ የሄደ የደበዘዘ ካርድ ነው። ከዚህ ካርድ ላይ ተነስቶ እሷ ጋ የሚደርሰው የሰው ዓይን ነው፤ የሚያስተካክለው የሚያስታውስ ሰው ነው። ማውሱን ያዝኩና እማዬን ለማስታወስ ዓይኔን ጨፈንኩ።

የመጣችልኝ ግድግዳዬ ላይ ያለችው ናት።

እንደገና ጨፈንኩ። እጇን፣ አንገቷን፣ ስታጥብ ክንዷን ለማምጣት ሞከርኩ። ሁሉም ነጥቶ ነው የሚመጣው። ሦስት ዓመት ጠዋት ማታ ያንን ፎቶ ሳይ፣ ፎቶው ገብቶ እሷን አስወጥቷታል። ያገላበጥኳት እኔ፣ ያጠብኳት እኔ፤ የረሳኋትም እኔ።

ጋሼ፣ አሥራ አንድ ዓመት የሰው ሟች ሳስተካክል ኖሬ የራሴን እናት መልክ አጣሁት። እንዲህ ዓይነት ድንጋጤ ደንግጬ አላውቅም። ለአራጋው መልእክት ላክሁ፦ "ረስቻታለሁ። ና።" ሌላ ምንም አልጨመርኩበትም።

አልመለሰም።

15.

ሐሙስ ጠዋት ምንም አልሠራሁም። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ። ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ተነሳሁ። አንዱ ኮቴ የእርስዎ ነበር። አንዱ ጉርድ ልትነሳ የመጣች ተማሪ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል የመጣው ኮቴ በሩ ጋ ቆሞ አልገባም አለ።

ወጣሁ። አራጋው ነው። ከጋራዥ ልብሱ ጋር፣ እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ። ወፍሯል። ፀጉሩ ጎን ጎኑ ሸብቷል፣ የእኔ ትንሽ ወንድም።

"ያልታጠብኩት አልቆይም ብዬ ነው" አለኝ፤ ሰላምታ መሆኑ ነው።

"ተቀመጥ" አልኩት።

"አንቺ ቆመሽማ አልቀመጥም።"

"ሐዘንተኛ ነህ።"

"አንቺስ?"

ስለዚህ ሁለታችንም አልተቀመጥንም። ወንበሩ መሃላችን ባዶውን ቆመ። ትራሶቹ እንዳሉ ነበሩ፣ የተቀደደውም ጭምር፤ አልደበቅሁትም።

እማዬን አየ።

"ይህ ካርዱ ነው፣ እሷ አይደለችም" አለ።

"አውቃለሁ። ምራኝ።"

"ትንሽ ጠቆር። ጨምሪ። ቆይ፣ በዛ። ቀንሺ።" ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ሄደ፤ ስክሪኑን እንደ ሰው ተጠራጠረው። ከዚያ ግራሶውን ረስቶ ፊቱን በእጁ ጠረገ። "እኔም እኮ በቃል አላውቃትም፣ ስንቅነሽ። እሷን ስትሆን ነው የማውቃት። ቆይ እስቲ። እጅሽን አምጪ።"

"ምን?"

"እጅጌሽን ሰብስቢ። እጅሽን አምጪ።"

ክንዴን ያዘና ስክሪኑ ላይ፣ ከእማዬ ጉንጭ ጎን አደረገው።

"ቤት ስትታጠቡ ክንዷን ክንድሽ ላይ ደርባ የምትልሽ ትዝ አይልሽም? እኔን ውኃ አቅርብ ብላኝ በሩ ጋ ቆሜ..."

አይለኝም።

"'ከእኔው ቀድተሽ ውኃ ጨመርሽበት' ነው እኮ የምትልሽ። ሁልጊዜ። አንቺ ትናደጃለሽ፣ እሷ ትስቃለች። አንቺ ከእሷ ትንሽ ነገር ብቻ ነው የምትቀዪው፣ እትዬ። ትንሽ ነገር።"

እትዬ አለኝ።

ክንዴን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ከክንዴ ቀጥሎ ማን እንደምትመጣ ግን አላሰብኩም ነበር። ደንበኛ ሁሉ ክንዱን ገልጦ "እንደኔ፣ ትንሽ ጠቆር" ሲለኝ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ የእኔ እጅጌ ተቆልፎ ነው የኖረው።

16. ውሳኔ

የሚገዛው፦ ሐ።

ምክንያት፦ አንዱ ቆሞ አንዱ ተቀምጦ የሚጣሉበት ነገር የለውም።

ወንበሩ፦ ይሠራ። ሁለተኛም ይግባ፤ ክፍሉ ይበቃል፣ ትናንት ለክቼዋለሁ።

አሮጌው፦ አይጣል። ለመንጃ ፈቃድ ይሆናል፤ ሁለተኛው ወንበር ከገባ ያም ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ያያል።

ጥያቄ፦ ከዚህ በፊት በዚያ ወንበር ተቀምጠው ያሠሩትን ሐዘንተኞች፣ አድራሻቸውን ያገኘሁትን ያህል እየጠራሁ፣ ሟቾቻቸውን እንደገና ላስተካክልላቸው ይፈቀድልኝ። እርስዎ እምቢ ቢሉኝም እጠራቸዋለሁ።

የእናቴ የወይዘሮ ጌጤ ከለር፦ ቁጥር 17ን ይመልከቱ።

17.

ግራ ክንዴ ስክሪኑ ላይ ነው። ቀኝ እጄ ማውሱ ላይ። አራጋው ከኋላዬ ቆሟል፤ ይተነፍሳል፣ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል።

"ጨምሪ።"

"እዚህ?"

"ትንሽ።"

"እዚህ?"

"እትዬ፣ ክንድሽን አታርቂው።"

"አንተ እሷን እይ። እዚህ?"